ከስምንተኛ ክፍል ወዲያስ?

(ከመሠረተ ትምህርት በኋላ ማንበብ ለቀጠሉ ጎልማሶች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ትምህርት ቤት ነው። ስለ ፊደል ግን አይደለም። ፊደሉንስ እናንተ ጨርሳችሁታል። ከእርሻ መልስ፣ ከወፍጮ መልስ እየመጣችሁ ተምራችሁ፣ ይኸው ዛሬ ይህን ጽሑፍ ራሳችሁ ታነቡታላችሁ። የምንነጋገረው ልጆቻችሁ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርሱ ስለሚገቡበት ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

ነገሩን ያነሣችው ከእናንተው ጋር የተማረች አንዲት እናት ናት። ባለፈው ጊዜ ንባብ ጨርሰን ስንነሣ እንዲህ አለችን፤ «ልጄ ስምንተኛን አለፈች። ወረቀቷን እኔው ራሴ አነበብኩት። ደስ አለኝ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አሁን የት ነው የምሰዳት?»

መልስ አልነበረንም። ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ዳባትም አለ። ይህን እሷም ታውቃለች። የጠየቀችን ሌላ ነው። ልጅቷ እንዴት ትደርሳለች? የት ታድራለች? ምን ትበላለች? ክፍል ውስጥስ መቀመጫ ታገኛለች ወይ? ይህ ንግግር ለእሷ የዘገየ መልስ ነው።

እኛ ይህን የምንነግራችሁ አራት አስተማሪዎች ነን። ከአራታችን ሦስታችን የገበሬ ልጆች ነን። ስንቅ ተሸክመን ነው የተማርነው።

የስንቅን ነገር ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ይሁን እንጂ እናንተ የምታውቁት ከቤት እስኪወጣ ድረስ ያለውን ነው። እናት ቅዳሜ ማታ ገብሱን ቆልታ በሶ ታስፈጫለች፣ ቂጣ ትጋግራለች፣ ሽሮና በርበሬ በጨርቅ ትቋጥራለች። እሑድ ልጁ ተሸክሞ ይወጣል። እሷም በር ላይ ቆማ ታየዋለች፤ ጥጉን ሲዞር ወደ ቤት ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኛ እንንገራችሁ።

ከመካከላችን አንዱ ከሊማሊሞ ሥር ካለ መንደር ነው የመጣው። ሊማሊሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆረጠው መንገድ ነው፤ መኪናው እየተጠማዘዘ ይወጣዋል። እግረኛ ግን አቋርጦ ነው የሚወጣው። ይህ ባልደረባችን በ14 ዓመቱ የሳምንት ቀለቡን በጀርባው አዝሎ ያንን ገደል በየሳምንቱ ይወጣ ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ደባርቅ ሲደርስ ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነው። ላብ ያጠመቀው ሸሚዝ የደባርቅ ብርድ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ።

ከደረሰ በኋላስ? ኪራይ ቤት ነዋ! ስፋቱ ሁለት መደብ የማይሞላ አንድ ክፍል ለአራት ተከራዩ። አንዱ መደብ ላይ ሁለት፣ መሬት ላይ ሁለት ይተኛሉ። ጭሱ መውጫ የለውም። ማገዶ በገንዘብ ነው። በአንድ ኩራዝ ለአራት ያነባሉ፤ ላምባው ካለቀ ደግሞ ማንም አያነብም። ስንቁ እስከ ረቡዕ ጥሩ ነው። ሐሙስ ቂጣው ይሻግታል። ሻጋታውን በቢላዋ ፍቀው ይበሉታል። ዓርብ በሶ በውኃ በጥብጠው ይጠጣሉ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ ትምህርት ለስንቀኛ ልጅ ምን ያህል እንደሚገባው እኛ አስተማሪ ከሆንን በኋላ ነው የገባን። ወላጅ «ሰነፈ» ይላል፤ አስተማሪም «ሰነፈ» ይላል። ልጁ ግን አልሰነፈም፤ ርቦታል።

ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ደርሶ አባቱን በሥራ ይረዳል፤ ያድራል፤ እሑድ ሌሊት ይነሣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚጠናበት ሰዓት የቱ ነው? ባልደረባችን ዘጠነኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ነው የተማረው። ይህን ሲነግረን አላፈረም፤ ዛሬም ለተማሪዎቹ ይነግራቸዋል።

ይህ የወንዱ ነው። የሴቷ ይብሳል።

ሴት ልጅ ኪራይ ቤት ስትገባ ምግብ የምታበስለው፣ ውኃ የምትቀዳው፣ የወንድሞቿን ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። አብሯት ወንድም ከሌለ ደግሞ ፍርሃት አለ። በር የሚገፋ አለ፤ መንገድ ላይ የሚጠብቅ አለ። ዘመድ ቤት የተጠጋችውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛ ነው የምትሆነው። ወጥ ሳይወጣ ደብተር አይከፈትም። አባት ይህን ሁሉ ያስባል። አስቦም «ልጄን ከምታዋርደኝ ልዳራት» ይላል። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ይህን በመሠረተ ትምህርት መጽሐፋችሁም አንብባችሁት ይሆናል። አባትም ሕጉን አያጣውም። እኛ ግን ያንን አባት ለመውቀስ አልመጣንም። ፍርሃቱ እውነት ነው። ትምህርት ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም በሩ የሚቆለፍ፣ ጠባቂ ሴት ያለችበት ማደሪያ ቢኖር ኖሮ፣ ያ አባት ሌላ ነገር ያስብ ነበር። ሕግ ብቻውን ልጅቷን ክፍል ውስጥ አያስቀምጣትም።

አሁን ደግሞ ወደ ከተማው እንግባ። ደባርቅ ድሮ የምታውቋት ደባርቅ አይደለችም። በ1987 ዓ.ም. ሕዝብ ሲቆጠር ከተማዋ ከ14,000 በላይ ሰው ነበራት። በ1999 ዓ.ም. ሲቆጠር ከ20,000 አልፏል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ግን ይበልጣል። በ2008 ዓ.ም. ከብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ተነሥተው ደባርቅ ሰፈሩ። በ2010 ዓ.ም. የቀድሞው ሰሜን ጎንደር ዞን ሦስት ቦታ ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነች፤ መሥሪያ ቤቱና ሠራተኛው መጣ። በዚያው ጊዜ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ጦርነቱ እስከ ዳባት አካባቢ ደረሰ። ጭና ላይ የሆነውን አንደግመውም፤ ሐዘኑ ከብዙዎቻችሁ ቤት አለ። ከአዲአርቃይ ወገን የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅና ዳባት ሲገባ የመማሪያ ክፍሎች ማደሪያ ሆኑ። ክፍል ሁሉ ሰው ሆነ፤ ደብተር የሚቀመጥበት ጠፋ።

ከተማው እንዲህ ሲያድግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አብሮ ካላደገ ምን ይሆናል? ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የሒሳብ ትምህርታችሁን ላለመርሳትም ይጠቅማችኋል።

ለሁለተኛ ደረጃ የተወሰነው ልክ ለአንድ ክፍል 40 ተማሪ ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ያህል ነው። እንግዲህ 40 ደቂቃ ለ40 ልጅ ሲካፈል ለአንድ ልጅ አንድ ደቂቃ ይደርሰዋል። እኛ ግን ከ80 በላይ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አስተምረናል። 40 ለ80 ሲካፈል ስንት ነው? ግማሽ ደቂቃ። በግማሽ ደቂቃ የልጁን ደብተር እንኳ ገልጦ ማየት አይቻልም። ለሦስት የተሠራ ወንበር ላይ አምስት ይቀመጣሉ። ዳር ላይ ያለው አንድ እግሩን አውጥቶ ነው የሚጽፈው። መቀመጫ የሚያጣውስ ማን ይመስላችኋል? ቀድሞ የደረሰው የከተማው ልጅ ተቀምጦ፣ ሰኞ ጧት ከመንገድ የመጣው ስንቀኛ ነው መስኮት ላይ የሚደገፈው።

ክፍሉ ሲጠብ ትምህርቱ በፈረቃ ይሆናል። ግማሹ ጧት፣ ግማሹ ከሰዓት። ከሰዓት በኋላ የሚማረው በእግሩ የሚመላለስ ከሆነ ቤቱ ሲደርስ ጨልሟል። የጅብ ነገር ለእናንተ አይነገርም።

«ታዲያ ይህ የከተሜ ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ለገበሬዎቹ ምን ይጠቅመናል?» የሚል ይኖራል። አንድ አባት በግልጽ ጠይቀውናል። «የተማረ ልጅ አርሶ አያበላኝም፤ ያልተማረው ግን ያርስልኛል» አሉን። ሐቅ አለው። 12ኛን ጨርሶ ያለ ሥራ የተቀመጠ ልጅ በየመንደሩ አለ። ይህን ብንክድ አታምኑንም።

ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር ምን ተብሎ እንደ ነበር አስታውሱ። ለያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ይሠልጥኑ፤ ሴቶቹም ከዚያው አካባቢ የተወለዱና 10ኛ ክፍልን የጨረሱ ይሁኑ ተባለ። 10ኛን የጨረሰች ሴት ያለው ቀበሌ የራሱን ልጅ አሠለጠነ። የሌለውስ? ከሌላ ቦታ መጣለት። የመጣችው ቤተሰቧ ሩቅ ነው፤ ብርዱን አለመደችውም፤ ዓመት ሳይሞላ ዝውውር ትጠይቃለች። ወላድ በምጥ ስትያዝ የጤና ኬላው በር ቁልፍ ነው። እንግዲህ ያ ቁልፍ የተቆለፈው የዛሬ 10 ዓመት፣ የመንደሩ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል የቀረች ዕለት ነው። የግብርና ሠራተኛውም እንደዚሁ ነው። የእንስሳት ሐኪሙም፣ አስተማሪውም እንደዚሁ።

ሌላም አለ። በ1966 ዓ.ም. ግድም በአገራችን ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው ከመቶ 10 አይሞላም ነበር። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከ50,000 የሚበልጡ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወጡ። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ሰሌዳ ይዘው በየዛፉ ጥላ ያስተማሩት እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። የዘመቻው ዘመን መልካምም ክፉም ነበረው፤ ዛሬ እሱን አንመዝንም። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባይኖር ኖሮ ግን ፊደል ቆጣሪው ብቻ እንጂ አስቆጣሪው አይገኝም ነበር። ያን ጊዜ እንኳ የኛ አካባቢ ልጆች የሚማሩበት ሩቅ ነበር። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በጥቂት ከተሞች ብቻ ነበር። የበጌምድርና ስሜን ዋና ከተማ ጎንደር ነበረች። ከደባርቅ ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንቱ የስሜን ልጅ በዚያ ምክንያት ቀርቷል!

አሁን ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት እንነጋገር። አዲስ ሲባል ግድግዳና ቆርቆሮ ብቻ የሚመስለው አለ። ለምረቃ ጠላ ተጠምቆ፣ ሪባን ተቆርጦ፣ በሳምንቱ አስተማሪ የሌለው ቤት ስንት አይተናል። የጎረቤታችን የኬንያ ሕዝብ ነፃ ከወጣ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ «ሐራምቤ» እያለ፣ ማለትም «አብረን እንሳብ» እያለ፣ በገዛ መዋጮው ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠራ። ገበሬው ድንጋይ ተሸከመ፤ ሴቶች አሸዋ አመላለሱ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ቤቶቹ ግን ከመምህራኑ ቀድመው ደረሱ። በብዙዎቹ የሠለጠነ መምህር አልነበረም፤ መጽሐፍና የሳይንስ መሣሪያም አነሰ። ልጆቹ በፈተና ወደ ኋላ ቀሩ። የእኛም አገር ከዚህ አልራቀም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4 ሆኑ። እንግዲህ ስትጠይቁ ቤቱን ብቻ አትጠይቁ። የሒሳብ መምህር አለ ወይ? የፊዚክስ አለ ወይ? መጽሐፉ ለስንት ልጅ አንድ ነው? ውኃ ገብቷል ወይ? የሴቶች መጸዳጃ ለብቻው አለ ወይ? በዚህ የመጨረሻው ላይ አባቶች ታፍራላችሁ፤ ግን በእሱ ምክንያት በየወሩ አራትና አምስት ቀን ከትምህርት የምትቀር ልጅ አለቻችሁ። እናቶች ለባሎቻችሁ ንገሯቸው።

ከሁሉ በላይ የምንለው ግን ማደሪያ ነው። በ1930ዎቹ አዲስ አበባ የተከፈቱት የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤቶች አዳሪ ነበሩ። ከሩቅ የመጣ ልጅ እዚያው እየበላ፣ እዚያው እያደረ ተማረ። ዛሬ በደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት መኝታና ምግብ አለው። ደግ ነው፤ አንመቀኘውም። ግን የ20 ዓመቱ ጎረምሳ መኝታ አግኝቶ የ15 ዓመቷ ልጅ ጭስ ቤት ተከራይታ ትኑር ማለት የተገለበጠ ነገር ነው። ሰፊ ነገር አንጠይቅም። ሁለት ረጅም ቤት፣ አንዱ ለሴቶች፤ አንድ ወጥ ቤት፣ አንዲት ጠባቂ። እህሉን ከቤታችሁ ታመጣላችሁ፤ እዚያ በአንድነት ይበሰላል። ቂጣው አይሻግትም ማለት ነው።

በዚህ ላይ እኛም አራታችን አልተስማማንም። አንዷ ባልደረባችን «ማደሪያ ገንዘብ ይፈጃል፤ ይልቅ ዘጠነኛና አሥረኛ በየቀበሌው ጉባኤ ተሠርቶ ልጆቹ ከቤታቸው ይመላለሱ» ትላለች። ስለ ትንንሾቹ ልጆች እውነቷን ነው። ሦስታችን ግን ለተበታተነ ትምህርት ቤት መምህር አይገኝም ብለን እንፈራለን። የስሜን መንደር በገደል የተለያየ ነው፤ በዓይን የሚታየው ጎረቤት ቀበሌ በእግር ግማሽ ቀን ይወስዳል። እናንተም ተከራከሩበት።

የቦታው ነገር አለ። አዲሱ ትምህርት ቤት ከተማው መሐል ከተሠራ ለከተሜው ይመቻል። እኛ የምንለው ከገጠር የሚመጣው መንገድ ከተማውን በሚነካበት ጠርዝ ላይ ይሁን ነው። ያ ጠርዝ ግን ባዶ አይደለም። የአንድ ገበሬ የገብስ ማሳ ነው። ምናልባት እዚህ የተቀመጠ ሰው ይሆናል። ስለዚህ «ትምህርት ቤት ይሠራ» ብለን እጅ ስናወጣ የማንን እርሻ እንደምንሰጥ እንወቅ። ዐዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ባለይዞታ ካሳ እንዲከፈለው፣ አስቀድሞም እንዲነገረው ያዝዛል። ያ ሰው ካሳውን ሳይቀበል አጥር ቢታጠር የመጀመሪያው ተቃዋሚ መሆን ያለባችሁ እናንተ ልጅ ያላችሁ ናችሁ። በጎረቤት እንባ የተሠራ ቤት ውስጥ ልጅ አይማርም።

ሰላም ከሌለ ደግሞ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት በሩ ተዘግቶ ቆይቷል። ያለው ሳይከፈት አዲስ መሥራት ምን ይባላል የሚል ሰው አይሳሳትም። ይሁን እንጂ የተዘጋ ቀን የጠፋችው ልጅ ዕድሜ አይጠብቃትም፤ በሩ ሲከፈት ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ይኑር ብለን ነው ዛሬ የምንነጋገረው።

ቀበሌው ሲሰበሰብ ምን ይደረግ? እስከ ዛሬ በስብሰባ ላይ «ልጆቻችን ተቸገሩ» እያልን እንናገር ነበር። ጸሐፊው «ሕዝቡ ትምህርት ቤት ጠየቀ» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ያችው መስመር ፋይል ውስጥ ትቀራለች። አሁን ግን እናንተው ትጽፋላችሁ። እያንዳንዱ ቤት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይህን ይጻፍ፤ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ የስንተኛ ክፍል ተማሪ እንደሆነ፣ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ቀርቶም ከሆነ በስንተኛ ክፍል እንደ ቀረ። ወረቀቶቹን ሰብስበን እንደምራቸዋለን። በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ለወረዳው፣ አንዱ በእጃችን ይቅር። «የማኅበሩ ሕዝብ» የሚል ቃል ማንንም አያስደነግጥም። 200 ስም ከነሰዓቱ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን የሚያየው ሰው መቁጠሩ አይቀርም።

ያቺ እናት የመጀመሪያውን ወረቀት ትናንት አመጣችልን። በእርሳስ ነው የጻፈችው። የልጇን ስም፣ ቀጥላ «15 ዓመት»፣ ቀጥላ «8ኛን ጨርሳለች» ብላለች። ከዚያ «ሰዓት» በሚለው አጠገብ መጀመሪያ 4 ጽፋ ሰርዛዋለች፤ 5 አድርጋዋለች። ለምን እንደሰረዘች ጠየቅናት። «አራት ሰዓት የሚፈጀው ለእኔ ነው» አለች፤ «እሷ ስንቅ ትሸከማለች።»